ለመቺው ዝም ይባላል

«ያፏጩበት! የእጁን ያግኝ። እኔ እንደሆንኩ አልመጣም፤ እኔ በሌለሁበት ያሻቸውን ያድርጉ» አለ ማላኪ በስልክ።

ኢታ የታጠፉ አንሶላዎች አቅፋ ደረጃውን በመውጣት ላይ ነበረች። አንድ እግሯ ላይ፣ አንድ እግሯ ታች እንደሆነ ደርቃ ቀረች። የሰው ወሬ ለመልቀም ጆሮዋን አልጣለችም፤ ቤቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ የባሏ ድምፅ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከአውቶቡስ ሞተር ጋር ሲፎካከር የኖረ ስለሆነ ሹክሹክታው እንኳ ጎረቤት ይደርሳል። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ኮን መሆኑን አውቃለች። ኮን የማላኪ የልብ ጓደኛ ነው፤ ሁለቱ በካሪግሞር ሜዳ፣ ተመልካች በሚቆምበት የሰሜን እርከን ላይ ክርን ለክርን ተጠጋግተው ዝናብ ሲወርድባቸው ያረጁ ሰዎች ናቸው። የሚፏጨው በማን ላይ እንደሆነ ለማወቅም ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። በፊንታን ላይ ነው። በገዛ ልጃቸው፣ ያውም በአባቱ ፈቃድ።

የሌላ አገር ሰው «ፉጨት ደግሞ ምን አላት?» ይል ይሆናል። ሌላ ሜዳ ላይ እውነትም ምንም የላትም። ካሪግሞር ላይ ግን፣ የራግቢ ተጫዋች ሞላላዋን ኳስ መሬት ላይ አቁሞ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል አሳልፎ ለመምታት ሲዘጋጅ፣ መቺው የራስም ይሁን የባላጋራ፣ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ጸጥ ይላል። ሲሳደብ የነበረው አፉን ይገጥማል፣ ቢራ የሚጎነጨው ብርጭቆውን እንደያዘ ይቆማል፣ የሚያስለው ሳሉን ይውጣል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ከሕግ ይበልጣል። በዚያ ከተማ ሰው ግብር ሊያጭበረብር፣ ከወንድሙ ጋር በመሬት ሊካሰስ ይችላል፤ ለመቺው ዝም ያላለ ግን ቀና ብሎ አይሄድም። በሰሜኑ እርከን የዝምታው ጠባቂ ማላኪ ነበር። እንግዳ ሰው ሳያውቅ ካወራ፣ ማላኪ ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር «ሽሽ! መቺው!» ይላል፤ ያ ብቻ ይበቃል። «ቄሱ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ቄሱ ራሱ ከቀረ፣ ቀርቶም «ያፏጩ» ካለ፣ ማን ተው ሊል ነው?

የፊንታን ጥፋት አጭር ነው። በካሪግሞር ተወልዶ፣ በካሪግሞር አድጎ፣ የከተማውን አረንጓዴና ጥቁር ማልያ ለብሶ ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀዘቅዝ ከረመና፣ በጸደይ ላይ የደብሊን ቡድን ሲጠራው ሄደ። የከተማው ሰው ግማሹ «ልጁ እንጀራውን ፍለጋ ነው» ብሎ ይቅር አለው፣ ግማሹ ቂሙን ለዚህች ቀን አቆየለት። ማላኪ ግን የልጁን ስም ከአፉ አጠፋው። አልተቆጣም፣ አልተራገመም፤ በቃ ስሙን አይጠራም። ፊንታን ሲደውል ስልኩን ለኢታ አቀብሎ ጓሮ ይወጣና ዝናብ የሞላውን በርሜል ሲመለከት ይቆያል። ሲመለስ አይጠይቅም፤ እሷም አትነግረውም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እንዲሉ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የፊተኛው ረድፍ ላይ ነው።

አንሶላዎቹን አልጋ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች። ቋሊማና እንቁላል ጠበሰችለት። የቅቤ ዋጋ እንደገና መጨመሩን ነገረችው፤ «ይጨምራላ» አለ። ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችው፤ «ይመጣል» አለ። ማን እንደደወለ ጠየቀችው፤ «ኮን» አለ። ምን እንዳለው ስትጠይቀው ቋሊማውን በሹካ ገልበጥ አደረገና «ምንም» አለ። በዚያ ቤት ይህም እንደ ጨዋታ ይቆጠራል። ኢታ ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠች።

«ካርድህን ስጠኝ።»

«የምን ካርድ?»

«የሜዳውን። አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ።»

ማላኪ ቀና አለ። «አንቺ? ኳሷ ገና ሳትነሳ ዓይንሽን የምትጨፍኚዋ? እንኳን ዛሬ፣ ያኔ ትምህርት ቤት ሲጫወት...» አለና ቀሪውን ከቋሊማው ጋር ዋጠው። ማን ሲጫወት እንደሆነ አልተናገረም። ሹካውን አስቀመጠና፣ «ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው» አለ። «ኮፍያ አድርጊ።»

እውነቱን ነው። ኢታ ልጇ ኳስ መምታት ከጀመረ ወዲህ ሜዳ ገብታ አታውቅም። ልጅነቷን በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና አይታዋለች፤ የልጅ እናት ስትሆን ግን አንጀቷ አልችል አለ። ቤታቸው ከሜዳው ብዙም ስለማይርቅ ጨዋታውን ከወጥ ቤቷ መስኮት በጆሮዋ ትከታተል ነበር። ጩኸቱ እንደ ባቡር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከዚያ በድንገት ከተማው ሁሉ ትንፋሹን የያዘ ይመስል ጭጭ ይላል። ያኔ ሳህኑን ከነአረፋው እንደያዘች ትቆማለች። ጸጥታው በጩኸት ካለቀ ገብቷል፤ በማጉረምረም ካለቀ ስቷል። ያንን ጸጥታ ከምንም በላይ ትወደው ነበር። ልጇ አልፎ አልፎ ተቀይሮ ገብቶ ለመምታት በቆመ ቁጥር አገር በሙሉ እንዳይረብሸው ሲጠነቀቅለት እናት ምን ትፈልጋለች?

መንገዱ ገና ቀትር ሳይሆን ጀምሮ በአረንጓዴና በጥቁር ተሞልቶ ነበር። የሥጋ ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ስካርፉን ከሽርጡ ላይ ጠምጥሞ ቆሟል። መነኩሲት አሮጊቶች ከአንዲት ታክሲ ወርደው፣ እነሱም ስካርፋቸውን አጥልቀው፣ ስለ ዳኛው ክፉ ክፉ እየተናገሩ ይሄዳሉ። በሩ ላይ መግቢያ የሚቆርጡት ሰዎች «የእርከን ሃያ አምስት! ሃያ አምስት ዩሮ!» ይጣራሉ። ኮን እዚያው በሩ አጠገብ ነበር፤ ኢታን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

«ኢታ፣ በእግዜር ስም እልሻለሁ፣ እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኩት» አለ። «ሊያፏጩ የዶለቱት እነዚያ እላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ናቸው። ባልሽን አንድ በላቸው ልለው ደውዬ፣ የመለሰልኝን ሰምተሽዋል መሰለኝ።»

«የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ ኮን። ለመሆኑ አንተስ አፍ የለህም?»

«አፍማ አለኝ፤ ግን እኔ ቄስ አይደለሁም» አለ ኮን አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ሽሽ ስል ሰው የሚመስለው ጎማ የተነፈሰ ነው።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ኮን ጠባቡን የድንጋይ መተላለፊያ እየመራ አሻገራት፣ ከጨለማው ወጡ፣ ሜዳው ፊቷ ተዘረጋ። ኢታ ቆመች። ከኋላ የሚመጡት ገፏት፣ ይቅርታ ጠየቋት፣ እሷ ግን አልሰማችም። ሣሩ! በዚያች ድንጋይና ጭስ በሆነች ከተማ ውስጥ፣ ከማንም ሳሎን ምንጣፍ የጸዳ፣ አንድ ሰው ሌሊቱን በእጁ ያበጠረው የሚመስል ሣር። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ አንድም ሰው ግን ጥላ አልዘረጋም፤ ከኋላ ያለውን ይጋርዳላ። የእርጥብ ሱፍና የኮምጣጤ ሽታ፣ የተጠበሰ ድንች ሽታ። ከአባቷ ጋር የመጣችበት ሜዳ ያንሳል ብላ ፈርታ ነበር፤ አላነሰም።

የማላኪ ቦታ እርከኑ መሃል፣ ከአንዱ የብረት መደገፊያ አጠገብ ነው። የብረቱ ቀለም በክርኑ ልክ ተልጦ ነጭቷል። ማንም አልቆመበትም ነበር፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ተጨናንቆ ያቺ አንድ ሰው የምትይዝ ስፍራ ባዶ ነበረች። ኢታ ስትመጣ ገለል ገለል አሉላት። አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች አሮጊት ከቴርሞሷ ሻይ ቀዳችላትና፣ «ሱቁ ለዚህች ብርጭቆ ሦስት ዩሮ ይጠይቃል፣ ሌቦች!» አለቻት። ሌላው «ቄሱስ?» ሲል ጠየቀ። «ጉንፋን ይዞታል» አለች ኢታ። ሁሉም ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ፤ አንድም ያመናት አልነበረም። ባለቴርሞሷ አሮጊት ብቻ እጇን የኢታ እጅ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ልጅሽ ማለፊያ እግር አለው፣ እናት» አለቻት። «ማልያው ነው የሚያስጠላው።»

ተጫዋቾቹ ሲወጡ እርከኑ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። ፊንታን ነጭ ማልያ ለብሶ፣ ከነዚያ ግንድ ከሚያካክሉ ሰዎች መሃል ለመልእክት የተላከ ልጅ ይመስል ነበር። ወደ እርከኑ ቀና አለ። ዓይኑ የሄደው በቀጥታ ወደ አባቱ ቦታ ነው። ከኮፍያው ሥር ያለው ማን እንደሆነ ለይቶ ይሁን እንጃ፤ ወዲያው ፊቱን መለሰ። ኢታ ያን ቅጽበት ባሏ አጠገቧ ቢኖር በጥፊ ትለው እንደነበር ለራሷ አልደበቀችም።

ጨዋታው ተጀመረ፣ እሷም ሳታስበው ዓይኗን መጨፈን ረሳች። ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፈው ሲገፋፉ ከራሳቸው ላይ እንፋሎት ይነሳል። የእሷው ከተማ አንዱ ግዙፍ ተጫዋች ፊንታንን አንስቶ መሬት ላይ ሲጥለው ጥርሷን ነከሰች፤ ያው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ልጇን በብብቱ አነሳው፣ በአውራ ጣቱ ከዓይኑ ላይ ጭቃ ጠረገለትና ሮጠ። ሕዝቡ ለጣለውም ለወደቀውም አጨበጨበ። «ዳኛ! ሚስትህ መነጽርህን ሸጠችው እንዴ?» ይላል አንዱ። «ተወው፣ እሷንም አያያት!» ይላል ሌላው። ኢታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ይህን ሁሉ ዓመት በመስኮት ስትሰማ የኖረችው ይህን ነው። እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው ብላ አሰበች። ኮርታባቸው ነበር።

ከዚያ ዳኛው ለነጮቹ፣ ለፊንታን ቡድን፣ ቅጣት ምት ሰጠ። ፊንታን ኳሷን አቆመ። ጸጥታው መጣ። ከወጥ ቤት መስኮት ሲሰማ የድምፅ መቆም ብቻ ይመስል ነበር፤ እዚህ ግን የሚሠራ ነገር ሆኖ አገኘችው፤ በዙሪያዋ ያለው እያንዳንዱ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ዝም ለማለት ይሠራል። ፊንታን ወደ ኋላ ተራመደ። ቆመ። በዚያች ሰዓት ከእርከኑ አናት ላይ አንድ ቀጭን ፉጨት ወጣ። ሁለተኛ ተከተለው፣ ሦስተኛ።

የሚገርመው ከዚያ የሆነው ነው። ማንም አልተቆጣም፤ ሁሉም ዞሮ ኢታን አየ። እሷን ሳይሆን እሷ የቆመችበትን ስፍራ ነው ያዩት፤ ከዚያ ብረት አጠገብ «ሽሽ» የሚል ድምፅ እንዲወጣ ለምደዋል። ሁሉም ቄሱን ሲጠብቅ ቄሱ አልነበረም። ኢታ አፏን ከፈተች፤ «ሽሽ» ለማለት ግን ዘገየች። ፊንታን መታ፤ ኳሷ ቋሚዋን ገጭታ ወደ ውጭ ወጣች። ከላይ ያሉት ጮኹ። ከታች ያለው ሕዝብ ግን ባላጋራ ሲስት እንደሚያደርገው አልጮኸም፤ ነፋስ እንደሌለው ባንዲራ ዝም ብሎ ቆመ። አሮጊቷ ቴርሞሷን በኃይል ከደነች። «በዚህ ሜዳ?» አለች ለማንም ሳይሆን። «አባቴ ይህን ሳያይ መሞቱ በጀው።»

በእረፍት ሰዓት ኮን ድንች ገዝቶ አመጣላት፤ አልበላችም። አፍራለች። ለልጇ ብቻ አልነበረም፤ ለእርከኑም አፍራለታለች፤ ከደቂቃዎች በፊት የኮራችባቸው ሰዎች አሁን ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቷቸው ጫማቸውን ያያሉ። ኮን ብርጭቆ በእጁ ይዞ፣ «ወጥቼ ላናግራቸው?» አለ። «ውጣ» አለችው። ኮን ደረጃውን ተመለከተ፣ ጎረምሶቹን ተመለከተ፣ ጉልበቱን ዳበሰ። «እስቲ ድንቹ ይለቅ» አለ። ድንቹ አለቀ፤ ኮን ከቆመበት ወይ ፍንክች። ሁለተኛው ግማሽ ተጀመረ።

ዝናቡ ጠነከረ። አረንጓዴዎቹ ኳሷን ከመስመር አሻግረው መሬት አስነኩ፣ ነጮቹም መለሱ። ፊንታን እንደ ቆሰለ ሰው ነበር የሚጫወተው፤ የማይደረስበት ቦታ ይደርሳል፣ የማይወደቅበት ላይ ይወድቃል። እርከኑ ሳይወድ በግዱ «ኧረ ይሄ ልጅ!» ማለት ጀመረ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ካሪግሞር በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር። ያኔ ከአረንጓዴዎቹ አንዱ እጁን በማይገባ ቦታ አስገባ፤ ዳኛው ነፋ። ለነጮቹ ቅጣት ምት። ከገባ ሦስት ነጥብ፣ ጨዋታውም የነሱ። ካልገባ የካሪግሞር። ፊንታን ኳሷን አነሳ፣ ጭቃዋን በማልያው ጠረገ፣ ልክ በሰሜኑ እርከን ፊት ለፊት አቆማት።

ጸጥታው መጣ። የመጀመሪያው ዓይነት አልነበረም። ጠለቀ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ተሰማ፤ ከወንዙ ማዶ የሚያልፍ መኪና ተሰማ። ፊንታን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ኢታ ፉጨቱን ጠበቀች። ጀርባዋ ሁሉ ጆሮ ሆነ። አሁን ይመጣል፣ አሁን፣ አሁን... አልመጣም። የእናት ነገር፣ ይህ ደግሞ ባሰ፤ አለመምጣቱን ማመን አቃታት። ልጇ ብቻውን መስሎ ታያት። እግዜር ይይላት፣ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ብረቱ ላይ ወጣችና ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

«አይዞህ የኔ ልጅ! አይዞህ! እናትህ አለሁልህ!»

ድምፅዋ በዚያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ ጸጥታ ላይ አስተጋብቶ ከማዶኛው ጣሪያ ተመለሰ። ፊንታን እርምጃውን አቋረጠ። የካሪግሞር ሕዝብ እንዳለ ወደ እሷ ዞረ፤ መነኩሲቶቹ ሳይቀሩ። አሮጊቷ የኢታን ኮት ጫፍ ይዛ ወደ ታች ጎተተቻት። ኢታ የምትገባበት ጠፋት። በዚያች ቀን የመቺውን ጸጥታ ሁለቴ ሰበሩት፤ ሁለተኛዋ የመቺው እናት ነበረች። ያኔ ከእርከኑ አናት፣ ጎረምሶቹ ከቆሙበት ቦታ፣ ከአውቶቡስ ሞተር ጋር ሲፎካከር የኖረው ድምፅ መጣ።

«ሽሽሽ! ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! ልጄ ሊመታ ነው!»

ዞረች። ማላኪ ነው። ኮት አልለበሰም፤ ኮቱን እሷ ካርዱን ስትፈልግ ከነካርዱ ይዛው ወጥታለች። በሹራቡ ብቻ፣ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው በስብሶ፣ በአንድ እጁ የአንዱን ጎረምሳ ስካርፍ፣ በሌላው የሌላውን ክንድ ጨምድዶ ይዟል። የመጀመሪያው ፉጨት በወጥ ቤቱ መስኮት ገብቶ ሳያስነሳው አልቀረም፤ ሁለተኛውን ግማሽ በሙሉ እንዲያ ይዟቸው እንደቆመ የሁለቱ ፊት ይናገራል። «ልጄ» ሲል ግን እርከኑ በሙሉ ሰምቷል። ኢታ በዕድሜዋ ዝም በይ ተብላ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። አፏን በሁለት እጇ ከደነች።

ማንም አልሳቀም። ሳቁን ሁሉም ዋጠው፤ መቺው ቆሟላ። ፊንታን እርከኑን ለአፍታ አየ፣ እንደገና ወደ ኋላ ተራመደ፣ እንደ አዲስ ጀመረ። መታ። ኳሷ ዝናቡን ሰንጥቃ ወጣች፣ ተንጠለጠለች፣ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል አለፈች። ጥግ ላይ ያሉት ጥቂት የደብሊን ሰዎች በደስታ አበዱ። የቀረው ካሪግሞር አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ተሸንፎ ነበር፤ በአንድ ነጥብ። ከዚያ ከመሃል አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ አሮጊቷ ቴርሞሷን ብብቷ ውስጥ ከትታ ተከተለችው፣ ጭብጨባውም እርከን ለእርከን እየሞላ ሄደ።

ማላኪ ሰው እየገፋ ወረደ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። «ሃያ አምስት ዩሮ!» አለ ገና ሳይደርስ። «በገዛ ሜዳዬ ሃያ አምስት ዩሮ አስከፈሉኝ! አንቺ ካርዴን ይዘሽ! ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ዝም ሳሰኝ ኖሬ፣ የገዛ ሚስቴ ታዋርደኝ?»

«አንተስ አልጮህክም?» አለችው ኢታ። «ከኔ የበለጠ ነው የጮህከው።»

ማላኪ አሰበው። እውነት ነበር፤ ፊቱ ላይ ታየ። ጥርሶቹ መንገጫገጭ ጀመሩ፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ፣ ጉንጩ ላይ የሚወርደውም ዝናብ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቀችውም። ኮቱን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ወደ ሜዳው አላየም። ፊንታን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከግዙፉ ሰውዬ ጋር ተቃቅፎ፣ ጀርባውን ለእርከኑ ሰጥቶ ቆሞ ነበር።

ኮን ኮፍያውን አወለቀ። «በአንድ ምት በላን፣ ማላኪ» አለ።

«በላን።»

«የመታትን ልጅ ግን አላየሁትም፤ ዝናቡ ጋረደኝ» አለ ኮን፣ ዓይኑን ከማላኪ ሳይነቅል። «ማን ነው አሉ?»

ማላኪ ጓደኛውን አየው። ኢታን አየ። ዙሪያው የቆመው ሰው መሄዱን ትቶ ጸጥ አለ፤ አሮጊቷም ጸጥ አለች፣ ጎረምሶቹም እላይ ጸጥ አሉ። ማንም ኳስ አላቆመም ነበር። ማላኪ የተላጠውን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ትንፋሹን ሳበ።

«ፊንታን ነዋ!» አለ። «ፊንታን ሃሎራን ነው!»

ሜዳው መሃል፣ ጭቃ የለበሰው ልጅ ስሙን በአባቱ ድምፅ ሰምቶ ዞረ።